ደሴ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ካንትሪ ሮክ አልበም መቅዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ጊታር ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ስለ ሙዚቃ ማውራት ስጀምር ወሬው ብዙም ሳይቆይ ወደ ዕቃ ይዞራል። ጥሩ ማይክ ቢኖረን፣ ስቱዲዮ ብንገባ፣ ያንን ጊታር ብናገኝ። እኔና ሁለት ጓደኞቼም ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንል ከረምን። በኋላ ግን ከፒያሳ ትንሽ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በእጃችን ባለው ዕቃ ስምንት ዘፈን መቅዳት ጀመርን። ድራም የሚመታልን ልጅ የኮምቦልቻ ነው፤ የሐረጎን ዳገት እየወጣ ይመጣልን ነበር። ስንቀዳ፣ ቁርጥ አድርገን እናምናቸው የነበሩ ነገሮች አንድ በአንድ ስህተት ሆነው አገኘናቸው። ሌላው ገንዘቡንም ጊዜውንም እንዳያባክን ልጻፋቸው።

ለማያውቀው፣ ካንትሪ ሮክ የካንትሪን ዜማና ታሪክ ነጋሪ ግጥም ከሮክ ድራምና ኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያጋባ ስልት ነው። ያበበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በተለይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው።

«ያለ ፔዳል ስቲልና ባንጆ ካንትሪ ሮክ አይሆንም»

መጀመሪያ የተጨነቅነው በዚህ ነው። ፔዳል ስቲል እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ተቀምጠው የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። የተለመደው ዓይነት 10 ክር አለው። በእግር የሚረገጡ ፔዳሎችና በጉልበት የሚገፉ ማንሻዎች የክሮቹን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ያ ከአንድ ኖታ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚያለቅስ የሚመስለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። እዚህ ማግኘቱ ከባድ ነው። ቢገኝም ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል።

ግን ዘፈኑ የሚፈልገው ብረቱን ነው ወይስ መንሸራተቱን? መንሸራተቱን ከሆነ ማሲንቆ አለ። እንደ ጊታር አንገት ላይ ድምፁን የሚከፋፍሉ ብረቶች (ፍሬት) የሉትም። ጣት በፈረስ ጭራው ላይ እንደልቡ ይሄዳል። ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ ጋሼ ለምነን አመጣን። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ሲተነፍስ፣ በዚያች ክፍተት ብቻ እንዲገቡልን ጠየቅናቸው። «ይሄማ የኛው ሥራ አይደል እንዴ ልጆቼ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ፔዳል ስቲልም በካንትሪ ዘፈን ውስጥ ሥራው ይኸው ነው፤ ዘፋኙ ሲያርፍ ይመልስለታል። አዝማሪ ይህንን ቅብብል ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

ባንጆውን በተመለከተ፣ መሣሪያው ራሱ ሥሩ አፍሪካዊ ነው። በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰዱ አፍሪካውያን ከቅልና ከቆዳ ይሠሩት ከነበረው መሣሪያ ነው ያደገው። የእኛም ክራር ሆዱ በቆዳ የተወጠረ ነው። ስለዚህ ክራር ሲመታ ድምፁ ቶሎ ብቅ ብሎ ቶሎ የሚጠፋ፣ ጥርት ያለ መሆኑ አይገርምም። ከአኩስቲክ ጊታር ሥር በዝግታ ስታስገባው ባንጆ የሚሞላውን ቦታ ይሞላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ክራሩን ከመቅዳታችሁ በፊት በቲዩነር (በቅኝት መለኪያ) ከጊታሩ ጋር አስማሙት። ክራር እንደ ዘፋኙ ድምፅ መቃኘት ልማዱ ስለሆነ ከጊታር ጋር ትንሽ ከተላለፈ ጆሮ ይቆረቁራል።

ስለ ቅኝትም ልጨምር፣ ምክንያቱም የወሎ ልጅ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ሜጀር ትዝታ አምስቱ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። የካንትሪ ጊታሪስቶች ሶሎ ሲጫወቱ አብዝተው የሚጠቀሙት መሰላልም እነዚሁ አምስት ድምፆች ናቸው። ልዩነቱ የትኛው ድምፅ ላይ ታርፋለህ፣ እንዴትስ ታስጌጠዋለህ የሚለው ላይ ነው። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን በተለመደው ሜጀር ኮርድ (አብረው በሚመቱ ድምፆች) ላይ በቀላሉ አይቀመጡም። አንድ ዘፈናችንን በአምባሰል ሞክረን ኮርዶቹን አውጥተን ጣልናቸው። ቤዙ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ቆየ፣ ከላይ ማሲንቆው ተጫወተ። ከስምንቱ እኔ የምወደው እሱን ነው።

«ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ከለጠፍክ ቤቱ ስቱዲዮ ይሆናል»

ስንት ካርቶን ሰብስበናል መሰላችሁ! ትርፉ ድካም ነው። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ የሚያደርገው ክብደትና መደፈን ነው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ክፍተት የሌለው በር። ካርቶን ደግሞ ቀላል ነው። የውስጥ ማስተጋባትን ለመቀነስም የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ብቻ ነው። ወፍራሙ እንዳለ ይቀርና ክፍሉ የታፈነ ሳጥን ይመስላል።

የሚሠራው ወፍራምና ለስላሳ ነገር ነው። ፍራሽ፣ የተደራረበ ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታው ላይ ነው። ጨርቁን ከማይኩ ጀርባ ይሰቅለዋል። የተለመደው የድምፅ ማይክ ግን በደንብ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ያ ማለት ዘፋኙንና ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ፍራሹን ከዘፋኙ ጀርባ አቁሙት። እኛ ይህን ያደረግን ቀን ለውጡ በአንድ ጊዜ ተሰማን።

ዝናብን ግን ምንም አያስቆመውም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ማይክ መክፈት ከንቱ ነው። በዚያ ሰዓት ማይክ የማይፈልገውን ሥራ ሠራን። ቤዙንና ኤሌክትሪክ ጊታሩን ድምፅን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው ሳውንድ ካርድ ውስጥ በቀጥታ በገመድ ሰክተን ቀዳን። ድምፅና ማሲንቆ ሰማዩ እስኪከፈት ጠበቁ። የአዛኑንና የቅዳሴውን ሰዓት ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍነው። ያኔ አርፈን ሻይ እንጠጣለን።

«ማይኩ ውድ በሆነ ቁጥር ቅጂው ያምራል»

ኮንደንሰር የሚባለው የማይክ ዓይነት ስስ ነው፤ ትንሹን ድምፅ ሁሉ ይሰማል። ጥሩ ክፍል ውስጥ ውበት ነው፤ መጥፎ ክፍል ውስጥ ግን የጎረቤቱን በርና የባጃጁን ሞተር ሁሉ ያመጣልሃል። ባልታከመ ክፍል ያን ያህል የማይስሰው ርካሽ ዳይናሚክ ማይክ በብዙ ይሻላል። ሹር ኤስኤም 57 የሚባለው ማይክ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ዛሬም ትልልቅ ስቱዲዮዎች የጊታር አምፕ ፊት የሚያቆሙት እሱን ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ኔብራስካ» የተባለ አልበም የቀዳው ቤቱ ውስጥ፣ ባለ አራት ትራክ (አራት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ) የካሴት መቅጃ ላይ፣ በሁለት ኤስኤም 57 ነው። ለሌሎች እንደ ማሳያ ሊያሰማው ነበር ያሰበው። በኋላ ያው ካሴት አልበም ሆኖ ወጣ።

ከማይኩ ዋጋ ይልቅ የቆመበት ቦታ ይበልጣል። አኩስቲክ ጊታር ስንቀዳ ሁላችንም ማይኩን የምንደግነው ቀዳዳው ላይ ነው፣ ድምፁ ከዚያ የሚወጣ ስለሚመስለን። ከዚያ የሚወጣው ግን ጉምጉምታው ነው። ማይኩን 12ኛው ፍሬት አካባቢ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ አቁሙት። ለማሲንቆ ትንሽ ራቅ ማለት ይሻላል፤ ከቀረበ የደጋኑ ፍጭት ዜማውን ይሸፍነዋል። ሌላ ዘዴም አለ። አንድ ጆሮህን ድፈን፣ ሰውዬው እየተጫወተ በሌላው ጆሮህ ፊቱ ዙሪያ ተንቀሳቀስ። ድምፁ ያማረህ ቦታ ላይ ማይኩን አቁም።

«ካንትሪ ድምፅ የሚወጣው ከቴሌካስተር ብቻ ነው»

ቴሌካስተር ድንቅ ጊታር ነው። ፌንደር በ1950 እ.ኤ.አ. በሌላ ስም ነው ያወጣው፣ የዛሬ ስሙን ያገኘው በዓመቱ ነው። ያ ጥርት ያለ ድምፁ ግን በብዛት የሚመጣው ለብሪጁ (ክሮቹ ከታች ለሚያርፉበት) ከቀረበው ፒክአፕ፣ የክሩን ድምፅ ከሚይዘው ማግኔት ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛው ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አለ። መምረጫውን ወደዚያ አዙር፣ ክሩን ቀይር፣ ዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን) ቀንስ፣ ለብሪጁ ተጠግተህ ምታ።

አኩስቲኩ ላይ ደግሞ በብዛት የማይታወቅ አንድ መላ አለ፣ ናሽቪል ቅኝት ይባላል። አራቱን ወፋፍራም ክሮች አውጥተህ በቦታቸው ቀጫጭን ታስርና አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ያህል) ከፍ አድርገህ ትቃኛቸዋለህ። ከባለ 12 ክር ጊታር ስብስብ ውስጥ ቀጫጭኖቹን መውሰድ ይቻላል። በተለመደው ጊታር ላይ ስትደርበው ዘፈኑ ያበራል። የክር ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

«አንዱን ቅጂ ኮፒ አድርገህ ግራና ቀኝ ብታደርገው ይሰፋል»

አይሰፋም። ሁለቱ ፍጹም አንድ ስለሆኑ መሃል ላይ ይገናኙና ድምፁ ይጨምራል፣ በቃ። ሁለት ጊዜ ተጫወተው። ስፋቱ ያለው በሁለቱ መሃል ባለችው ትንሽ ልዩነት ውስጥ ነው።

«የመቅጃው መብራት ቀይ እስኪነካ ካልተቀዳ ድምፁ ይደክማል»

ይህ ከካሴት ዘመን የመጣ ነው። ያኔ ካሴቱ ራሱ ሽሽሽ ስለሚል ከፍ አድርጎ መቅዳት ያስፈልግ ነበር። በ24 ቢት ዲጂታል ቅጂ ግን ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ በቂ ነው። ቀዩን ካለፈ የተቆረጠው ድምፅ አይመለስም። የእኛ ምርጥ የድምፅ ቅጂ እንዲህ ተበላሽቶ ቀርቷል፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጊታሩ እምምም እያለ ካስቸገረ ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለህ በባትሪ ቅዳ። ብዙ ጊዜ ይጠፋል። መብራት ሲሄድም ሥራው አብሮ አይሄድም።

«ድራም ስምንት ማይክ ይፈልጋል፣ ስለዚህ በኮምፒውተር ይሠራ»

የኮምፒውተር ድራም ነውር የለውም። ግን ካንትሪ ሮክ ውስጥ የሚመታው ሰው ትንፋሽ ይፈለጋል። ድራሙን ለመቅዳት ኮምቦልቻ ወረድን፤ የምናውቀው ሰው ባዶ መጋዘን አዋሰን። ሁለት ማይክ ብቻ ነበረን። አንዱን ከመቺው ራስ በላይ፣ ሌላውን ቤዝ ድራሙ ፊት አቆምን። ለውጡን ያመጣው አመታቱ ነው፤ ሲምባሉን ቀለል፣ ስኔሩን ጠበቅ አድርጎ እንዲመታ ለመንነው። ራሱን መጠነ፣ ማይኮቹም በቃቸው።

ጊታርና ድምፁ ደሴ፣ ድራሙ ኮምቦልቻ ስለሚቀዳ ሜትሮኖም (ፍጥነቱን ቀጭ ቀጭ እያለ የሚቆጥር) ግድ ሆነብን። ሜትሮኖም ሙዚቃን ያደርቃል የሚሉ አሉ። የሚያደርቀው ሳይለማመዱበት ሲገቡ ነው። ሳምንት ሙሉ ከሱ ጋር ከተለማመድን በኋላ መኖሩንም ረሳነው። ኮምቦልቻ ይዘነው የወረድነው ጊታር ግን ሙቀቱን እስኪለምድ ቅኝቱ ወረደብን፤ ብረት ክር ሲሞቅ ይረግባል። ከቦርሳው ሳናወጣ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነበረብን።

«ማስተሪንግ ማለት ማስጮህ ነው»

ማስተሪንግ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግለት የመጨረሻ ማስተካከያ ነው። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰማው ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ የዘፈኖችን ጩኸት ወደ ተቀራራቢ ልክ ያመጣል፣ ወደ -14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ) አካባቢ። ከዚያ በላይ ያስጮኸኸውን ዝቅ ያደርገዋል። የጨፈለቅከው ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል።

እኛ ሚክሱን (የሁሉንም ድምፅ ቅልቅል) በሄድፎን ከጨረስን በኋላ በሚኒባስ ስፒከርና በስልክ ሰማነው። በስልኩ ማሲንቆው ጠፋ። የመጀመሪያ ሐሳባችን ማሲንቆውን ከፍ ማድረግ ነበር። ከፍ ስናደርገው ጮኸ እንጂ አልቀረበም። ቦታውን የያዘበት ኤሌክትሪክ ጊታሩ ነበር። ማሲንቆውን ወደ ነበረበት መልሰን ጊታሩን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ ባለው አካባቢ ትንሽ ቀነስንለት። ጋሼን ጠርተን በስልኩ አሰማናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያ «ድገሙልኝ» አሉ።