ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ የድምፅ መለወጥ ምንድን ነው?

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። ኦፕራሲዮን ሲባል ግን ብዙ እናቶች ያመነታሉ። «ድምፄን ቢዘጋውስ? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንብኛል» ይላሉ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ግን ከልክ በላይ ተጋንኗል።

የእንቅርት ዕጢ ከማንቁርት በታች፣ አንገት ላይ ፊት ለፊት ይገኛል። ከጀርባው በግራና በቀኝ፣ ማንቁርት ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች የሚከፍቱና የሚዘጉ ነርቮች ያልፋሉ። እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው። የግራው እንዲያውም ማንቁርት ለመድረስ መጀመሪያ ደረት ውስጥ ወርዶ፣ ልብ አጠገብ ያለውን ትልቅ የደም ሥር ዞሮ ነው ተመልሶ የሚወጣው። ሐኪሙ ዕጢውን ሲያነሳ ነርቩ ከተሳበ ወይም ካበጠ ለጊዜው ሥራ ያቆማል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። ከተቆረጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልምድ ባለው ሐኪም እጅ ዘላቂ ጉዳት የሚደርሰው ከ100 ሰው በ1 ወይም በ2 ገደማ ነው።

አንዱ አውታር ካልተንቀሳቀሰ አየር ያመልጣል። ድምፅ ይሰልላል፣ ወደ ማታ ጭራሽ ይደክማል። ውሃም ትን ይላል። ገንፎው በሰላም ወርዶ ጠላው ትን ካለ ምልክቱ ይኸው ነው።

ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚጎረንን ድምፅ ግን አያስደንግጥ። ብዙ ጊዜ ለማደንዘዣ ሲባል በአውታሮቹ መካከል የገባው ቱቦ ያመጣው ነው።

ሳይታወቅ የሚቀር ሌላ ጉዳትም አለ። ከዕጢው የላይኛው ጫፍ አጠገብ የሚያልፍ ሌላ ቀጭን ነርቭ አለ፤ ሥራው አውታሩን ወጥሮ ድምፅን ማቅጠን፣ ዜማን ከፍ ማድረግ ነው። እሱ ሲጎዳ ሰው ደህና ያወራል። ቡና ላይም፣ ገበያም ማንም ልብ አይልም። ሰርግ መጥቶ እልል ልትል ስትል ድምፁ መሀል ላይ ይሰበራል። ዲያቆንም ቢሆን ዜማው ከፍ ሲል ድምፁ ያምፅበታል። ሐኪሙ «ድምፅሽ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። «ማውራቱስ ደህና ነው፣ እልል ማለት ግን አቃተኝ» ማለት ነው የሚሻለው። እንዲያውም ድምፁ እንጀራው የሆነ ሰው፣ ካህንም ይሁን አስተማሪ፣ ይህን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ ቢነግር ጥሩ ነው። ከአንገት በላይ (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ) ሐኪም በካሜራ አውታሮቹን ቀድሞ ቢያይ ደግሞ በኋላ ማነጻጸሪያ ይኖራል።

ቤት ውስጥ ውሃ መጠጣት፣ አለመጮህ፣ ከኩበት ጭስ መራቅ ይረዳል። ማንሾካሾክ ድምፅን የሚያሳርፍ ይመስላል እንጂ ያደክማል። ትንፋሽ ከጠበበ፣ ሲተነፍሱ ድምፅ ካወጣ ወይም አንገት በድንገት ካበጠ ግን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ይህ የድምፅ ጉዳይ አይደለም።

ጉርናኔው ከሳምንታት በኋላ ካልተሻለ «ይለቀኛል» እያሉ መቀመጥ አያዋጣም። የድምፅ ልምምድ አለ። የሰነፈውን አውታር ወደ መሀል የሚገፋ መርፌ አለ። ዘላቂው ማስተካከያ ኦፕራሲዮን ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይጠበቅበታል፣ ነርቩ ራሱ ሊነቃ ስለሚችል። ልምምዱና መርፌው ግን ያን ያህል አይጠብቁም።