«የማንነት ቀውስ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስሄድ ሬዲዮው ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ የዘንድሮ ልጆችን ይወቅጣል። ፀጉር ማንጨባረር፣ አባት ሲናገር ጆሮ ላይ ማዳመጫ መሰካት። ፍርዱ አጭር ነበር፤ «የማንነት ቀውስ ነው!» ወያላው ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። ስንተኛ ጊዜዬ ነው ይህን የምሰማው?

ግማሹ ጥፋት ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም የተመረጠው ቃል ነው። «ቀውስ» ስንል «ቀወሰ» አብሮ ይሰማናል። ሐሳቡን ያስፋፋው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤሪክ ኤሪክሰን ግን ስለ እብደት አላወራም። በጉርምስና የሚመጣ፣ ልጅ «ማን ነኝ?» ብሎ የሚጠይቅበት የተለመደ መታጠፊያ ነው ያለው። ራሱም ወላጅ አባቱን ሳያውቅ ያደገ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊ ሲሆን የቤተሰብ ስሙን ለራሱ ያወጣ ሰው ነው።

ልብስ ሰፊ ጋ ለልክ የቀረበ ሱፍ አይታችኋል? ያስጠላል። በነጭ ክር ተወስውሷል፣ አንድ እጅጌ የለውም፣ ጠመኔ ተሰምሮበታል። በበሩ ያለፈ ሰው «ተበላሸ» ቢል ሰፊው ይስቅበታል። ጎረምሳው እዚያ ላይ ነው። ጨርቁ የወላጅ ነው፤ ቋንቋው፣ እምነቱ፣ ነውሩ። ልጁ ይለካዋል፣ «ጠበበኝ» ይላል።

አስተያየት ሰጪያችን ያሞገሰው «አባቱ ያለውን የሚሆን ጨዋ ልጅ»ስ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ማርሺያ በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ይህንንም ለይቶታል፤ ሳይለካ የአባቱን ኮት ለብሶ የወጣ ነው። ልኩ ሊሆን ይችላል። ግን ሞክሮ አላየውም። (ጥናቱ የተሠራው በአሜሪካ ወንድ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው። «የእገሌ ልጅ» ተብሎ በሚኖርበት አገር የአባት ኮት ያን ያህል እንከን ላይሆን ይችላል። ይህን ሳልል ባልፍ ባልደረቦቼ አይለቁኝም።)

አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ትቷል፣ ፀጉሩን አሳድጓል። «ዶክተር፣ ልጄ ቀወሰብኝ እንዴ?» አሉ። ልጁ ዝም ብሎ ቦርሳቸውን ተቀበላቸውና ወንበር ሳበላቸው። ጨርቁን አልጣለም፤ እያስለካ ነው። በፀጉርና በስልክ የሚጨቃጨቁ ልጆች በትልልቁ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ወላጆቻቸውን ይመስላሉ።

እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለው፣ ከጓደኞቹም ከራቀ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ የማንነቱን ወሬ ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

«ስልኩን ልፈትሽ?» አሉኝ እናቱ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የስዊድን ጥናት እንዳሳየው፣ ወላጅ ስለ ልጁ ውሎ የሚያውቀው በአመዛኙ በስለላ ሳይሆን ልጁ ራሱ ሲነግረው ነው። ልጅ ደግሞ የሚነግረው ሲናገር ለማይጮህበት ሰው ነው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ፀጉሩስ?» ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።