ቁጥር ብቻ የቀረላቸው ሙታን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ሐዋሳ በምጽፍለት እድር፣ ከአንድ ቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ዊላርድ ስለሚባል የቀድሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መካነ መቃብር ወሬ ተነሣ። ሆስፒታሉ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ በሴኔካ ሐይቅ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1869 ተከፍቶ በ1995 የተዘጋ ሲሆን፣ ከ5,700 በላይ ሕሙማን በግቢው ተቀብረዋል፤ በመቃብራቸው ላይ የተተከለው ግን ስም ሳይሆን ቁጥር ነበር። በዚያ ዕለት የሰማኋቸው አስተያየቶች ከኀዘኔታ የመጡ ቢሆኑም እውነታውን የሳቱ ነበሩና፣ ላርማቸው እወዳለሁ።

«ስማቸውን የሚያውቅ ስላልነበረ ነው በቁጥር የተቀበሩት።»

በጣም የተስፋፋው ስሕተት ይህ ነው። እኔ በእድራችን መዝገብ ላይ በግራ በኩል ተራ ቁጥር፣ ቀጥሎ የአባሉን ስም ከነአባቱ እጽፋለሁ፤ ገጹ ተቀዶ ቁጥሩ ብቻ ቢቀር ለማንም አይጠቅምም። በዊላርድም ቁጥሩ የተሰጠው ስሙ በመዝገብ ስለተያዘ ነው። የጎደለው በመቃብሩና በመዝገቡ መካከል ያለው መገናኛ ነበር። ሆስፒታሉ ከተዘጋ በኋላም የአካባቢው ነዋሪዎች ስሞቹ ይፋ እንዲሆኑ ሲጠይቁ፣ የግዛቱ የአእምሮ ጤና ቢሮ የሕሙማንን ምሥጢር የሚጠብቀውን ሕግ ጠቅሶ አልፈቀደም። በሕይወት ላለ ታካሚ ይህ ሕግ ትልቅ ከለላ መሆኑን አምናለሁ፤ ከሞተ ብዙ አሥርት ዓመታት ላለፉት ሰው ግን ስሙን መደበቅ፣ ሕመሙ የሚያሳፍር ነበር ብሎ በመቃብሩ ላይ እንደ መመስከር ይሆናል።

«በጅምላ ጉድጓድ ተጥለው ነው የቀሩት።»

በዊላርድ እንዲህ አልሆነም። ለእያንዳንዱ ሟች የየራሱ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል፤ ከቆፋሪዎቹም አንዱ ራሱ ታካሚ የነበረው ሎረንስ ሞካ ነው። ሞካ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደደ፣ በኒው ዮርክ ከተማ መስኮት በማጽዳት ይተዳደር የነበረ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ወደ ዊላርድ ተዛወረ፤ ከዚያም ሳይወጣ ቀረ። በመቃብሩ ሥፍራ በነበረች ትንሽ ጎጆ ውስጥ እያደረ፣ ከ1,500 የሚበልጡ መቃብሮችን በእጁ ቆፈረ። በ1968 በ90 ዓመቱ ሲያርፍ፣ እርሱም ለሌሎች ሲቆፍርበት በኖረው መሬት ያለ ስም ተቀበረ። የመታሰቢያ ጽሑፍ የቆመለት በ2015 ነው።

«የተቀበሩት ሁሉ ያበዱ ነበሩ።»

በእነዚያ ዘመናት ወደ እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ በእርጅና የመርሳት ሕመም የያዛቸው፣ ቂጥኝ ወደ አእምሯቸው የዘለቀ ሰዎችም ይገቡ ነበር። ፔኒሲሊን ከመገኘቱ በፊት የመጨረሻዎቹ ተመልሰው የሚወጡበት ተስፋ ጠባብ ነበር። ለብዙዎቹም የሞታቸው ምክንያት ሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምች ወይም እርጅና ነበር እንጂ የአእምሮ ሕመሙ አልነበረም።

«ዘመድ ስለጣላቸው ነው።» የተጣሉ አልነበሩም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን እንደ ሞካ ባሕር ተሻግረው ለመጡ ስደተኞች ሬሳውን የሚረከብ ዘመድ በአሜሪካ አልነበረም፣ ድኻ ቤተሰብም አስከሬን ከሩቅ የሚያስመጣበት ገንዘብ አልነበረውም።

«ምልክቶቹን ያጠፋቸው ጊዜ ነው።»

በጆርጂያ ግዛት ሚሌጅቪል ከተማ በሚገኘው ሆስፒታል ወደ 25,000 የሚጠጉ ሕሙማን እንደተቀበሩ ይገመታል። በዚያ ቁጥር የተቀረጸባቸውን የብረት ችካሎች የነቃቀሏቸው፣ ሣር ለማጨድ እንዲመቻቸው ብለው የግቢው ሠራተኞች ናቸው። ችካሉ ሲነቀል ደግሞ መዝገቡ በእጅ ቢኖርም የትኛው ስም የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ማወቅ ያዳግታል፤ ስለዚህ ጥፋቱን በዝናብና በዝገት ማሳበብ ትክክል አይደለም።

«እኛ እድር ስላለን ይህ አይደርስብንም።»

ይህን ያሉት እኔ እንደ አባቴ የማከብራቸው የእድራችን ሽማግሌ ናቸው፤ «ልጄ፣ የእኛ ሰው ያለ ቀባሪ አይሞትም» አሉኝ። እድር ግን የሚያውቀው መዝገቡ ላይ ያለውን ቤተሰብ ነው። ለረጅም ዘመን በአገራችን ያለው ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ስለነበረ፣ የሐዋሳ ሰው ታማሚውን ይዞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት። ታሞ ከቤቱ የወጣ፣ መናኸሪያ ውስጥ የሚያድር፣ ስሙን ሲጠየቅ የማይመልስ ሰው መንገድ ላይ ቢሞት የሚቀብረው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ እርሱ የጠፋበት እድር ደግሞ መሞቱን እንኳ ላይሰማ ይችላል። ሽማግሌውም ይህን ካስረዳኋቸው በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው መዝገቡን አምጣው» አሉኝ፤ ታመው ከቤት የወጡና ያልተመለሱ የአባላት ልጆችን ስም ከነእናታቸው ስም እየነገሩኝ ጻፍሁ፣ አራት ሆኑ።