በኤሌና ፓፓሪዙ «ፕሮቴሬዮቲታ» አልበም ዙሪያ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግሪካዊቷ ድምፃዊት ኤሌና ፓፓሪዙ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 በዩክሬን ዋና ከተማ በኪየቭ የተካሄደውን፣ የአውሮፓ አገሮች በየዓመቱ የሚፎካከሩበትን የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር «ማይ ነምበር ዋን» በተሰኘው ዘፈን ካሸነፈች ወዲህ፣ «ፕሮቴሬዮቲታ» (ቅድሚያ) የተባለው የመጀመሪያ የግል አልበሟ ከዚያ ድል ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ስለ አልበሙ የሚነገሩት አብዛኞቹ ስሕተቶችም ከዚሁ መጣበቅ የመነጩ ናቸው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«አልበሙ የዩሮቪዥን ድል ውጤት ነው።»

በስፋት የሚነገረው ስሕተት ይህ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የፓፓሪዙ የመጀመሪያ የግል ነጠላ ዜማ «አናፓንዲቴስ ክሊሲስ» (ያልተመለሱ የስልክ ጥሪዎች) የወጣው በ2003 መጨረሻ ሲሆን፣ ሙሉ አልበሙ ደግሞ በ2004 በሶኒ ሙዚቃ ግሪክ በኩል ለገበያ ቀረበ። የግሪክ አድማጭ እንደ «ካፄ ካላ» ያሉትን ዘፈኖች ያወቃቸው ስለ ኪየቭ ወሬ ከመነሣቱ በፊት ነበር። በ2005 መጀመሪያ የግሪክ ብሔራዊ የብሮድካስት ድርጅት ድምፃዊቷን ለውድድሩ ሲመርጣት፣ አሳታሚው በአገር ውስጥ ማጣሪያው ሰሞን የተዘጋጁትን የእንግሊዝኛ ዘፈኖች ጨምሮ አልበሙን «ዩሮ ኤዲሽን» በሚል ስም እንደገና አወጣው። «ማይ ነምበር ዋን» በአልበሙ ውስጥ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ «ማምቦ!» የተሰኘው ዘፈን የተጨመረበት ሌላ ኅትመት ተከተለ። በእኔ ግምት አልበሙን ረጅም ዕድሜ የሰጠው ድሉ ብቻውን አይደለም፤ በየወቅቱ አዲስ ነገር እየታከለበት ወደ መደብር መደርደሪያ መመለሱም የራሱ ድርሻ አለው። ነጋዴነት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ነገር ግን ዋናዎቹ የግሪክኛ ዘፈኖች ደካማ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ስልት ብዙም ባልተራመደ ነበር።

«ከዚያ በፊት የማትታወቅ ጀማሪ ነበረች።»

ፓፓሪዙ በ1982 የተወለደችው በስዊድኗ ቡሮስ ከተማ ከግሪካውያን ወላጆች ነው። ከኒኮስ ፓናዮቲዲስ ጋር በመሠረተችው «አንቲክ» የተባለ የሁለት ሰው ቡድን፣ የግሪክን ዜማ ከስዊድን የዳንስ ሙዚቃ ጋር እያዋሃደች፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኦፓ ኦፓ» በተሰኘው ዘፈን በስዊድን ዝና አግኝታለች። ቡድኑ በ2001 በኮፐንሃገን ዩሮቪዥን ላይ ግሪክን ወክሎ ሦስተኛ ወጣ፤ ይህም አገሪቱ እስከዚያ ያስመዘገበችው ከፍተኛ ደረጃ ነበር። ስለዚህ ወደ ኪየቭ የሄደችው መድረኩን አስቀድማ የምታውቅ ዘፋኝ ናት።

«ያሸነፈችው በጎረቤትና በስደተኛ ድምፅ ብቻ ነው።»

ቆጵሮስ ለግሪክ ሙሉ 12 ነጥብ (አንድ አገር ለሌላው የሚሰጠውን ከፍተኛ ነጥብ) መስጠቷ እውነት ነው፤ ማንንም አያስገርምም። እንደ ጀርመንና ስዊድን ባሉ አገሮች የሚኖሩ ግሪካውያን በስልክ ድምፅ መስጠታቸውም አይካድም። ሆኖም ቱርክና ሃንጋሪም ሙሉ 12 ነጥብ ሰጥተዋል፤ ከቱርክ የመጣውን ነጥብ በስደተኛ ድምፅ ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም። በድምሩ ግሪክ ያገኘችው 230 ነጥብ ሲሆን፣ ከፍተኛውን ነጥብ ከሰጡት አሥር አገሮች የመጣው 120 ብቻ ነው። የቀረው 110 ነጥብ ከሌሎች አገሮች በየመጠኑ የተሰበሰበ ነው። ሁለተኛ የወጣችው ማልታ 192 ነበራት። ግሪክ በ1974 መወዳደር ከጀመረች ወዲህ የመጀመሪያዋ የሆነው ይህ ድል የቀጣዩን ዓመት ውድድር ወደ አቴንስ ወስዶታል።

«በዘፈኑ መሐል የሚሰማው ቡዙኪ ነው።»

በ«ማይ ነምበር ዋን» መሐል ድምፃዊቷ ዝም ስትል ብቅ የሚለው ስለታም ድምፅ የሊራ እንጂ፣ ረጅም አንገት ያለው የግሪክ ባለ አውታር መሣሪያ የሆነው የቡዙኪ አይደለም። ስሙ በጥንታዊ ሥዕሎች ላይ የሚታየውን ክራር መሰል መሣሪያ ቢያስታውስም፣ የዛሬው የግሪክ ሊራ በጣት የሚደረደር አይደለም፤ እንደ ማሲንቆ ቀጥ ተደርጎ በደጋን የሚገረፍ ነው። የቀርጤስ ደሴት ተጫዋቾች ባለ ሦስት አውታሩን ሊራ ጉልበታቸው ላይ አቁመው አውታሩን በጥፍራቸው ጎን እየነኩ ነው ቃናውን የሚያወጡት። ዜማውን የደረሰው ክሪስቶስ ዳንቲስ ይህን የገጠር ድምፅ በኤሌክትሮኒክ ምት ላይ ማስቀመጡ፣ በአዳራሹ ሌሎች ዘፈኖች መካከል ለመለየት በጣም ጠቅሞታል። «አናፓንዲቴስ ክሊሲስ»ንም የደረሰው እርሱ ነው።

«ፕላቲነም ማለት በሚሊዮን የሚቆጠር ሽያጭ ነው።»

ፕላቲነም ለከፍተኛ ሽያጭ የሚሰጥ ማዕረግ ሲሆን፣ መለኪያው በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ለአንድ አልበም አንድ ሚሊዮን ቅጂ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ወደ 11 ሚሊዮን ሕዝብ በነበራት ግሪክ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ የሲዲ ገበያው እየተዳከመ ሲሄድም ደጋግሞ ዝቅ ተደርጓል። በመሆኑም የ2004ን የግሪክ ፕላቲነም ከአሜሪካ ፕላቲነም ጋር ማወዳደርም ሆነ ከ2010 በኋላ ከወጣ የግሪክ ፕላቲነም ጋር ማስተካከል አሳሳች ነው።

አልበሙን መስማት የሚፈልግ ሰው የቱን ኅትመት እንደያዘ አስቀድሞ ማየት አለበት፤ በ2004ቱ የመጀመሪያ ኅትመት ውስጥ «ማይ ነምበር ዋን» የለም።