ተራማጅ ግብር ምንድን ነው?

ተራማጅ ግብር ማለት ገቢ ከፍ እያለ በሄደ መጠን ከተጨማሪው ገቢ ላይ የሚቆረጠው መቶኛም አብሮ ከፍ የሚልበት የግብር ሥርዓት ነው። መነሻው የመክፈል አቅም የሚባለው መርህ ነው፤ ከ3,000 ብር ላይ የሚነሣ 300 ብር ከልጆች ጉርሻ ሲቀነስ፣ ከ30,000 ብር ላይ የሚነሣ 3,000 ብር ግን፣ መቶኛው አንድ ቢሆንም፣ ማዕድ አያጎድልም።

ደብረ ብርሃን ላይ ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር በመምህራንና በመንግሥት ሠራተኞች መካከል «የግብር እርከን ስላለፍሁ ጭማሪውን ግብር በላው» ሲባል ይሰማል። ስጋቱ የሚመጣው ከፍተኛው መቶኛ በጠቅላላው ደመወዝ ላይ የሚታሰብ ስለሚመስል ነው፤ ይሁንና እያንዳንዱ መቶኛ የሚያርፈው በራሱ እርከን ውስጥ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ የቀረው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። የጡረታ መዋጮውን ለጊዜው ትተን፣ 10,000 ብር የምታገኝ አንዲት መምህርት 1,650 ብር ትከፍላለች። ደመወዟ 10,500 ሲሆን 30 በመቶው የሚነካው አዲሱን 500 ብር ብቻ ስለሆነ፣ ግብሩ 1,800 ይደርስና ከጭማሪው 350 ብር እጇ ይገባል።

የሠራተኛው ቅሬታ ግን ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የነበሩት እርከኖች ለ9 ዓመታት ሳይነኩ ሲቆዩ ጤፉም ዘይቱም የቤት ኪራዩም ብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ በዚያ መካከል ደመወዙ በቁጥር ብቻ ያደገለት ሰው፣ ኑሮው ሳይሻሻል፣ ለባለ ከፍተኛ ገቢ ወደታሰበው እርከን ተገፍቷል። የላይኛው ጫፍም ቢሆን 14,000 ብር ላይ ስለሚቆም፣ በወር 15,000 የሚያገኘውና 150,000 የሚያገኘው ከመጨረሻው ብራቸው ላይ እኩል 35 በመቶ ይከፍላሉ። መሰላሉ ብዙ ደረጃ ያለው ከታች በኩል ነው፤ ይህ ለእኔ የሥርዓቱ ዋና ጉድለት ነው።

በፍጆታ ላይ የሚጣል ግብር ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው። በደረሰኝ ከሚሸጥ የ115 ብር ሳሙና ላይ 15 ብሩ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ የቀን ሠራተኛውም ባለ ሕንፃውም ያንኑ 15 ብር ይከፍላሉ፣ ክብደቱ ግን ለየቅል ነው። ስለ ግብር ፍትሐዊነት ሲከራከሩ የደመወዝ ግብርን ብቻ ይዞ ይህን መተው ሚዛኑን ያዛባል። ከፍተኛ መቶኛ ነጋዴውን ከመሥራት ያሰንፋል፣ ገቢውንም እንዲደብቅ ይገፋፋዋል የሚሉ ወገኖች ሥጋትም መታየት አለበት፤ ደመወዝተኛው ግን ግብሩ ከእጁ ሳይገባ በፔሮል ስለሚቆረጥ የመደበቅ ዕድል እንኳ የለውም።

አቅምን የመመዘን ጉዳይ ለሸዋ ገበሬ አዲስ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በጋሻ፣ ማለትም በዘመኑ የመሬት ስፍር፣ ለለም 15፣ መካከለኛ ለሆነው ለም ጠፍ 10፣ ደካማ ለሆነው ጠፍ 5 ብር ሲደነግግ፣ አንድ ጋሻ ከሌላው ጋሻ እኩል እንደማያበላ ተቀብሎ ነበር። ይህ ተራማጅ ግብር አይደለም፤ ሰፊ መሬት ያለው ሰው በእያንዳንዱ ጋሻ የሚከፍለው አይጨምርበትም። ሆኖም የመንዝን ውርጭ የሚያውቅ ሰው የአፈሩ ልዩነት መቆጠሩን አይንቅም።

አሁን ክርክሩ ከገቢ ወደ ሀብት እየተሻገረ ነው። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ቤትና የከተማ ቦታ የአቅም መለኪያ ሆነዋል። ብዙ ቤት ለሚያከራይ ይህ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ስትሰፋ የቦታቸው ዋጋ ከፍ ያለላቸው፣ በጡረታ ብቻ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ በወረቀት ባለሀብት ሆነው ሳለ ግብሩን የሚከፍሉበት ጥሬ ገንዘብ ላይኖራቸው ይችላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ክፍያው እንዲቀነስ ወይም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ እንዲቆይ ማድረግ ከመክፈል አቅም መርህ ጋር አይጣላም።