«ትራቭለር»፦ የክሪስ ስቴፕልተን አልበምና የሙዚቃ ስልቱ

«ትራቭለር»፣ በአማርኛ «መንገደኛው» ልንለው የምንችለው፣ አሜሪካዊው የካንትሪ (ከአሜሪካ ገጠር የፈለቀ ሙዚቃ) አቀንቃኝ ክሪስ ስቴፕልተን በግል ስሙ ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2015 በመርኩሪ ናሽቪል አሳታሚነት ለአድማጭ የቀረበ ሲሆን 14 ዘፈኖችን ይዟል፤ ከእነዚህም 12ቱን ዘፋኙ ብቻውን ወይም ከሌሎች ደራሲዎች ጋር ጽፏቸዋል። «የመጀመሪያ» የሚለው ቃል ግን ጀማሪ ያስመስለዋል። አልበሙ ሲወጣ ስቴፕልተን የ37 ዓመት ሰው ነበር፤ ለሌሎች ዘፋኞች ግጥምና ዜማ መስጠት ከጀመረም ከ10 ዓመት በላይ አልፎታል።

ስቴፕልተን ያደገው በኬንታኪ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት በጆንሰን ካውንቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ ወደሆነችው ናሽቪል ከተማ ሄዶ ብዙም ሳይቆይ የዘፈን ደራሲነት ሥራ አገኘ፤ ጆሽ ተርነር፣ ኬኒ ቼዝኒ፣ ጆርጅ ስትሬትና ሉክ ብራያን የእሱን ሥራዎች ዘፍነዋል። ከዚህ ጎን ለጎን የስቲልድራይቨርስ ባንድ ድምፃዊ ነበር። ይህ ባንድ የሚጫወተው ብሉግራስን ነው፤ ብሉግራስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ድራም በባንጆ፣ በማንዶሊን፣ በቫዮሊንና በጊታር የሚታጀብ የአፓላቺያ ተራሮች አካባቢ ሙዚቃ ሲሆን፣ ዘፈኑ ብዙውን ጊዜ በቀጭንና ከፍ ባለ ድምፅ ይባላል። የስቴፕልተን ሻካራ፣ ወደ ብሉዝ፣ ማለትም ወደ ጥቁር አሜሪካውያን የእንጉርጉሮ ሙዚቃ፣ ያዘነበለ ድምፅ በዚህ ባንድ ውስጥ ለየት ብሎ ይሰማ ነበር።

አልበሙ የተወለደው ከኪሳራና ከሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ነጠላ ዜማው ብዙ ሳይሰማ ቀረ፤ በዚያው ዓመት አባቱ አረፉ። ባለቤቱ ሞርጋን የ1979 ሥሪት የሆነች አሮጌ ጂፕ ገዛችለትና ሁለቱ ከአሪዞና እስከ ናሽቪል በረሃውን እያቋረጡ ነዷት። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን የተጻፈው በዚሁ መንገድ፣ ኒው ሜክሲኮ ላይ ነው።

ቀረጻው በአብዛኛው የተከናወነው በናሽቪሉ «አርሲኤ ስቱዲዮ ኤ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ የጀመረው ይህ ሰፊ አዳራሽ፣ በ2014 ሊፈርስ ተቃርቦ በሙዚቀኞችና በቅርስ ተቆርቋሪዎች ጩኸት ተርፏል። ፕሮዲዩሰሩ ዴቭ ኮብ ከስቴፕልተን ጋር የመረጠው አሠራር በጊዜው ከተለመደው የተለየ ነበር፤ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ቀድቶ ከመደራረብ ይልቅ ሙዚቀኞቹ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አብረው ይጫወታሉ፣ ድምፃዊውም አብሯቸው ይዘፍናል። ጄ.ቲ. ኪዩር ቤዝ ጊታር፣ ዴሪክ ሚክሰን ድራም፣ ሮቢ ተርነር ፔዳል ስቲል ጊታር (አግድም ተቀምጦ ክሮቹ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚመታ ጊታር) ይጫወታሉ፤ ከካንትሪ ዘፋኙ ዊሊ ኔልሰን ባንድ የመጣው ሚኪ ራፋኤል ደግሞ ሃርሞኒካ ይነፋል። ሞርጋን ከባሏ ድምፅ በላይ ሆና ትቀበላለች፤ የእሷ ድምፅ ባይኖር አልበሙ ግማሽ ውበቱን ባጣ ነበር።

በዚያን ጊዜ የናሽቪል ሬዲዮ በአመዛኙ የያዘው ስለ ፒክአፕ መኪና፣ ስለ ቢራና ስለ ቅዳሜ ምሽት ጭፈራ የሚያወሳ፣ የሂፕ ሆፕ ምትና የሮክ ጊታር የተቀላቀለበት ካንትሪ ነበር። «ትራቭለር» ከዚህ የራቀው በቅንብሩ ስስነት ነው። በመሣሪያዎቹ መካከል ክፍት ቦታ አለ፤ የድራሙ ምት አይቸኩልም፤ ጊታሩ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ መልስ ይሰጣል፣ ሲዘፍን ደግሞ ዝም ይላል። የዜማው አጥንት ካንትሪ ሆኖ ሳለ፣ አዘፋፈኑ ግን ከጥቁር አሜሪካውያን የሶልና የብሉዝ ባህል የተቀዳ ነው፤ ስቴፕልተን አንዷን ቃል በብዙ ኖታ እያጠፈና እያንከባለለ ያስረዝማታል። «ዊስኪ ኤንድ ዩ» ደግሞ ከዚህም ወርዶ በአንድ ድምፅና በአንድ አኮስቲክ ጊታር ብቻ ቀርቷል።

ይህ ውህደት ጎልቶ የሚታየው በ«ቴነሲ ዊስኪ» ነው። ዘፈኑን የደረሱት ዲን ዲለንና ሊንዳ ሃርግሮቭ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ ዴቪድ አለን ኮ በ1981፣ ቀጥሎም ጆርጅ ጆንስ በ1983 ዘፍነውት ነበር። ስቴፕልተን ቃሉን ሳይነካ መሠረቱን ቀየረው፤ ባንዱ ለዝግጅት ድምፅ ሲሞክር የጀመረውን ቀርፋፋ የሶል ምት አልብሶ፣ ከሁለት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ) ብዙም ሳይወጣ ዘፈነው። ዘፋኟ ኤታ ጄምስ በ1967 አላባማ ውስጥ የቀረጸችውን «አይድ ራዘር ጎ ብላይንድ» የተባለ ዝነኛ የሶል ዘፈን የሚያውቅ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ይለየዋል። እያንዳንዱን ምት ሦስት ሦስት አድርጎ የመክፈሉ ስልት በችክችካ ላደገ የኢትዮጵያዊ ጆሮም ባዕድ አይደለም፤ ችክችካ ግን እየገፋ ወደ ፊት ሲነዳ፣ ይኸኛው እያመነታ ወደ ኋላ ይጎተታል።

አልበሙ የአሜሪካን ተደማጭ አልበሞች በየሳምንቱ በሚያወዳድረው የቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ 14ኛ ሆኖ ቢገባም ቀስ በቀስ ከዝርዝሩ ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2015 በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የሽልማት ምሽት ስቴፕልተን ከሜምፊሱ ተወላጅ ከፖፕ ዘፋኙ ጀስቲን ቲምበርሌክ ጋር «ቴነሲ ዊስኪ»ን ዘፈነ፤ በዚያው ምሽት የዓመቱ አልበም፣ የዓመቱ ወንድ ድምፃዊና የዓመቱ አዲስ አርቲስት ሽልማቶችን ወሰደ። በቀጣዩ ሳምንት ከሰንጠረዡ ውጪ የነበረው አልበም በቀጥታ 1ኛ ሆኖ ተመለሰ። በ2016 ደግሞ ሁለት የግራሚ ሽልማቶችን አገኘ። ዘግይቶም «ቴነሲ ዊስኪ» በአሜሪካ ለ10 ሚሊዮን ቅጂ የሚሰጠውን የአልማዝ ደረጃ ተቀዳጀ።

ስቴፕልተን በ2017 ያወጣቸውን ሁለት ተከታታይ አልበሞች «ፍሮም ኤ ሩም» ብሎ ሰይሟቸዋል፤ «ኤ» የምትለው ፊደል የምታመለክተው ያንኑ ከመፍረስ የተረፈውን ስቱዲዮ ነው። በ2020 «ስታርቲንግ ኦቨር»ን፣ በ2023 ደግሞ «ሃየር»ን ሲያወጣም ከዴቭ ኮብ ጋር መሥራቱን አልተወም።