ትሬሶር፦ ከበርሊኑ ካዝና የወጡት አልበሞች

ቴክኖ፣ በኤሌክትሮኒክ ማሽን የሚሠራው የጭፈራ ሙዚቃ፣ በባሕርዩ የአልበም ሙዚቃ አይደለም። አብዛኛው ሥራ የሚወጣው ሁለት ወይም አራት ትራክ በያዘች ባለ 12 ኢንች ሸክላ ነው። ዲጄው ይገዛታል፣ ከሌላ ሸክላ ጋር እያቀላቀለ ያጫውታታል፣ ሰው ይጨፍርባታል፤ በቃ። ቁጭ ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ የቴክኖ አልበም የሚያደምጥ ጥቂት ነው። የበርሊኑ የሙዚቃ አሳታሚ ትሬሶር ግን ከ1991 ጀምሮ ሙሉ አልበም ሲያሳትም ኖሯል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካታሎጉ ሰፊ ነው። ሁሉም እኩል አይጥምም፤ ዛሬ ሲሰማ አርጅቶ የሚገኝም አለ። ጥቂቶቹ ግን ከእነሱ በኋላ የመጣውን ሙዚቃ ቀይረውታል። ከእነዚያ ውስጥ የሚበዙትን የሠሩት ደግሞ በርሊኖች ሳይሆኑ ከአሜሪካዋ ዲትሮይት የመጡ ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከምድር በታች ነው። የበርሊን ግንብ በ1989 ከፈረሰ በኋላ በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ባለቤታቸው በውል ያልታወቀ ባዶ ሕንፃዎች ሞልተው ነበር። ዲሚትሪ ሄገማንና ጓደኞቹ ቦታ ሲያስሱ፣ በላይፕዚገር ጎዳና ቬርትሃይም የተባለው ትልቅ መደብር በነበረበት ስፍራ አንድ የተረሳ ካዝና አገኙ። ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ የዛገ የብረት ፍርግርግ፣ በግድግዳው ላይ የተደረደሩ በመቶ የሚቆጠሩ የአደራ ሣጥኖች። ክለቡ በማርች 1991 ተከፈተ። ትሬሶር በጀርመንኛ ያው ካዝና ማለት ስለሆነ ስም ፍለጋ ብዙ አልደከሙም። አሳታሚውም በዚያው ዓመት ተወለደ።

ሄገማን ከዲትሮይት ጋር የተዋወቀው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ኢንተርፊሽ በተባለው በቀድሞው አሳታሚው በኩል፣ ጄፍ ሚልስ አባል የነበረበትን የዲትሮይቱን ቡድን የፋይናል ከትን ሥራ አሳትሞ ነበር። ዲትሮይት ያን ጊዜ የመኪና ፋብሪካዎቿ እየተዘጉ፣ ሕዝቧ እየለቀቀ የሄደባት ከተማ ናት። ቴክኖን በ1980ዎቹ እዚያ የፈጠሩት እነ ኹዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳንደርሰን አገራቸው ውስጥ ብዙም የሚሰማቸው አልነበረም። በርሊን ደግሞ ከምሥራቁም ከምዕራቡም ወገን የመጣ ወጣት አብሮ የሚጨፍርበት ሙዚቃ እየፈለገ ነበር። ተገናኙ።

የካታሎጉ ቁጥር አንድ በ1991 የወጣው ኤክስ-101 ነው። ከስሙ ጀርባ ያሉት የዲትሮይቱ ቡድን የአንደርግራውንድ ሬዚስታንስ አባላት ማይክ ባንክስ፣ ጄፍ ሚልስና ሮበርት ሁድ ናቸው። «ሶኒክ ዲስትሮየር» የሚለው ትራክ ከሁሉ ገንኖ ወጣ፤ ስሙ እንደሚለውም ያፈርሳል። ይሁንና ይህ ገና የትራኮች ስብስብ ነው። የአልበም ሐሳብ የመጣው በቀጣዩ ዓመት በኤክስ-102 ነው። ሦስቱ ሰዎች ሳተርን የተባለችውን ፕላኔት መነሻ አድርገው፣ ትራኮቹን በቀለበቶቿና በጨረቃዎቿ ስም ሰየሟቸው። አንዳንዱ ረጅምና ከባድ ምት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ገና ጆሮ ሳይለምደው የሚያልቅ የድምፅ ብልጭታ። ግጥም የለም፣ ዘፋኝ የለም፣ ግን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላ የሚሄድ ጉዞ አለው። ለእኔ ትሬሶር እንደ አልበም አሳታሚ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1993 የተከተለው ኤክስ-103 በባሕር ሰጠመች ስለሚባልላት የተረት ደሴት ስለ አትላንቲስ ነው፤ ጥሩ ነው፣ የሳተርኑን ያህል ግን አይይዝም።

ጄፍ ሚልስ ብቻውን የሠራው «ዌቭፎርም ትራንስሚሽን» ቁጥር 1 በ1992 ሲወጣ ነገሩ ፈጠነ፣ ጠነከረም። ቁጥር 3 በ1994 ተከተለ። በመሃል ያለውን ቁጥር 2 የሠራው ሮበርት ሁድ ነው፤ ዘ ቪዥን በሚል ስም። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው አልበም ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ያደክማል። ጣሪያው ዝቅ ላለ፣ ጭስና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ለሞላበት ክፍል የተሠራ ሙዚቃ ነው፤ ያ ክፍል ከሌለ ግማሹ ይጎድላል።

የሮበርት ሁድ «ኢንተርናል ኢምፓየር» ግን ክፍሉንም አይፈልግም። በ1994 ነው የወጣው። በዚያ ጊዜ የአውሮፓ የጭፈራ ሙዚቃ እየፈጠነ፣ እየጮኸ፣ በየሰከንዱ አዲስ ድምፅ እየተጨመረበት ነበር። ሁድ ተቃራኒውን አደረገ፤ ቀነሰ። አንድ ከበሮ፣ አንድ ሃይሃት (ከከበሮው ጋር የሚመታ ጥንድ ጸናጽል)፣ ከጥቂት ኖታ ያልበለጠች የሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ) ዙር። ዙሯ ትመለሳለች፣ ትመለሳለች፣ ትመለሳለች። መጀመሪያ ምንም የማይለወጥ ይመስላል። ልብ ተብሎ ሲደመጥ ግን የኖታዋ ድምፅ በዝግታ እየተከፈተ ነው፤ ደብዛዛ የነበረው ይጠራል። ሃይሃቷ ባልተጠበቀ ቦታ ትገባለች። ከአራት ደቂቃ በኋላ ያቺው ዙር ሌላ ነገር ሆና ትገኛለች። «ማይነስ» የሚለውን ትራክ ያዳመጠ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ ሚኒማል ቴክኖ የሚባለው ዘርፍ መሠረቱ ይህ አልበምና ሁድ በዚያው ዓመት በሚልስ አሳታሚ በአክሲስ ያወጣው ሥራ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰውዬው ኋላ ላይ አላባማ ገብቶ የወንጌል አገልጋይ ሆኗል፤ ከሴት ልጁ ጋርም ፍሎርፕላን በሚል ስም የመዝሙር መንፈስ ያለው ሙዚቃ ይሠራል።

የ1990ዎቹ አጋማሽ ከዲትሮይት ውጭ ያሉትንም አስገባ። የኒው ዮርኩ ጆይ ቤልትራም «ፕሌሰስ»ን በ1995 አወጣ። ክሪስቲያን ቮገል በ«አብሶሉት ታይም» እና «ቦዲ ማፒንግ» ምቱን ሰባበረው፤ ለጭፈራ አስቸጋሪ ነው፣ ለጆሮ ግን ግሩም። የበርሚንግሃሙ ሰርጀን ከ1997 እስከ 1999 ሦስት አልበም በተከታታይ አሳተመ፤ ከሦስቱ «ፎርስ ፕላስ ፎርም» ይበልጣል። ኹዋን አትኪንስም ኢንፊኒቲ በሚል ስሙ በ1998 «ስካይኔት»ን ሰጠ።

ከዚያ በ1999 የድሬክሲያ «ኔፕቹንስ ሌር» መጣ። ከካታሎጉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ድሬክሲያ ሁለት የዲትሮይት ሰዎች ናቸው፤ ጀምስ ስቲንሰንና ጄራልድ ዶናልድ። ፎቶ አይነሱም፣ ፊታቸውንም አያሳዩም ነበር። ሙዚቃቸው የቆመበት ተረት ከባድ ነው። ባሪያ ፈንጋዮች ከአፍሪካ ሲያጓጉዟቸው ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የተወረወሩ ነፍሰ ጡር ሴቶች ልጆቻቸውን በባሕር ውስጥ ወለዱ፤ ልጆቹም ውኃ ውስጥ መተንፈስ ለምደው አገር መሠረቱ ይላል። ድሬክሲያ የዚያ አገር ስም ነው። ይህን ሳያውቅ የሚያደምጥ ሰው ዝም ብሎ ደስ የሚል ኤሌክትሮ ይሰማል። ምቱ እንደሌሎቹ ዱም ዱም ዱም እያለ አይሄድም፤ ይሰበራል፣ ይዘላል። ባሱ ወፍራም ነው፣ ሲንተሳይዘሩ ከላዩ ይንሳፈፋል። «አንድሪየን ሳንድ ዱንስ» ላይ ሲደረስ ደግሞ የምር ዜማ አለ፤ ቴክኖ ቀዝቃዛ የማሽን ነገር ነው ብሎ ለሚከራከር ወዳጅ ይህን ማስደመጥ በቂ ነው። ተረቱን ካወቁ በኋላ ግን ያው ዜማ ሌላ ስሜት ይሰጣል፤ የሐዘንም የድልም ነው። «ሃርነስድ ዘ ስቶርም» በ2002 ተከተለ፤ ጠቆር ያለ አልበም ነው። ስቲንሰን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ውስጥ አረፈ።

ክለቡ በአፕሪል 2005 ተዘጋ፤ መሬቱ ለግንባታ ተፈልጎ ነበር። በ2007 በኮፐኒከር ጎዳና ባለው አሮጌ የኃይል ማመንጫ ውስጥ እንደገና ተከፈተ። በ2024 ደግሞ ጀርመን የበርሊንን የቴክኖ ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቧ አስገባችው። አሳታሚው በዚህ ሁሉ መሃል አልተቋረጠም። ኹዋን አትኪንስና የበርሊኑ ሞሪትዝ ፎን ኦስዋልድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አብረው እንደሠሩት ሁሉ፣ በ2013 ተመልሰው «ቦርደርላንድ»ን አወጡ። እርጋታው ደስ ይላል።

ስሙ ብዙ የማይነሣው ቴረንስ ዲክሰንም አለ፤ እሱም የዲትሮይት ልጅ ነው። «ፍሮም ዘ ፋር ፊውቸር» የተባለው አልበሙ በ2000 ወጣ፤ ብቸኝነት የተሞላ፣ ለጭፈራ የማይቸኩል ሥራ ነው። ክፍል ሁለቱን በ2012፣ ክፍል ሦስቱን በ2020 አወጣ፤ ሦስቱንም በትሬሶር።